«በሕግ አምላክ!» ስትል የሰማት የለም

ሴት አያቴ ሲነግሩኝ፣ በድሮ ጊዜ ሁለት ሰዎች በመንገድ ላይ ቢጣሉ ተበዳዩ «በሕግ አምላክ!» ያለ እንደ ሆነ ያኛው እጁን ሰብስቦ ይቆም ነበር። ያንን ቃል ሰምቶ አለመቆም ራሱን የቻለ ጥፋት ነበር። ፈጽሞ የማይተዋወቁ ሁለት መንገደኞች እንኳ በዚህ ቃል ተይዘው፣ ነጠላቸውን አቆራኝተው፣ ዳኛ ፍለጋ አብረው ይሄዱ ነበር። ይህን ታሪክ በልጅነቴ እንደ ተረት እወደው ነበር። ዛሬ በማኅበራችን መጽሔት ላይ የምጽፈው ግን አንዲት ልጅ ይህን ቃል ጮኻ ስትናገረው ማንም ስላልቆመበት ቀን ነው። ደግሞም እኔ ራሴ በነገሩ ውስጥ ስለ ነበረኝ ድርሻ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላስታውቅ። እኔ የሕግ ተማሪ አይደለሁም። በአርትስ ፋኩልቲ የአማርኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ የምማር የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ስለ ሕግ የማውቀው ቢኖር ከሕግ ፋኩልቲ ጓደኛዬ እየተዋስሁ ያነበብሁትን ያህል ነው። ይሁን እንጂ ሕግ የሚጻፈው በቃላት ስለ ሆነ፣ የቃላት ተማሪም ስለ ሕግ የሚለው ነገር አያጣም ብዬ አምናለሁ።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በመኝታ ክፍላችን የተነሣ ክርክር ነው። በባሕር ዳር ከተማ አንዲት የሰባት ዓመት ሕፃን ተደፍራ ስለ መገደሏ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ወሬው በአገሩ ሁሉ በተሰማ ጊዜ፣ በወንጀለኛው ላይ የተፈረደው 25 ዓመት እሥራት አንሷል በማለት እጅግ ብዙ ሰው ፊርማውን ማኖሩን ሁላችንም እናስታውሳለን። ያ ቁጣ በእኛ ክፍል ዛሬም አልበረደም። ካለነው ስምንት ሰዎች ሰባቱ «ለደፋሪ ሞት ነው እንጂ ምን እሥራት ያስፈልገዋል!» ሲሉ እኔ ብቻ ዝም አልሁ። አንዱ ወዳጄ «ምነው፣ አንተ እኅት የለህም እንዴ?» አለኝ። ንግግሩ እስከ ዛሬ ይቈጠቍጠኛል። ዝም ያልሁት ለደፋሪ አዝኜ አልነበረም። በተወለድሁበት አገር ያየሁትን ነገር የሞት ፍርድም ቢታወጅ እንደማያስቀረው ስለማውቅ ነው። ይህንንም በዚያች ሌሊት ለመናገር ድፍረት አጣሁ። እነሆ፣ አሁን እናገራለሁ።

የተወለድሁባት ትንሽ ከተማ በጎጃም ውስጥ ናት። የልጅቱን ገመና ለመጠበቅ ስል የከተማዋንም የልጅቱንም ስም አልጽፍም። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ሳለን በአንድ ዴስክ ላይ ለሦስት እንቀመጥ ነበር፤ እርሷ በመካከል ነበረች። በሒሳብ ከእኔ ትበልጣለች። እኔ ደግሞ ጽሕፈቴ ያምር ስለ ነበር፣ በሌለች ቀን ያመለጣትን ትምህርት ከእኔ ደብተር ትገለብጥ ነበር። በዚያ ዓመት ዕድሜዋ አሥራ አምስት ነበር። ይህን በግምት አልናገርም። የክፍላችን ኀላፊ የነበሩት መምህር የሁላችንንም ስምና ዕድሜ በአዲስ መዝገብ ላይ እንድገለብጥ አዝዘውኝ ስለ ነበር በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ።

በየካቲት ወር በአንድ የገበያ ቀን እናቷ ወደ ወፍጮ ቤት ላኳት። ስትመለስ የአንድ እህል ነጋዴ ልጅ ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋር ባጃጅ አቁሞ ጠበቃት። ጎትተው አስገቧት። የተሸከመችው ዱቄት በመንገድ ላይ ተደፋ። በዚያ ሥፍራ ጠላ የሚሸጡ እናት እንደ ነገሩን «በሕግ አምላክ! በሕግ አምላክ!» እያለች ሁለት ጊዜ ጮኻለች። መንገዱ በሰው የተሞላ ነበር። የቆመም ሰው ነበር፤ የቆመው ግን ለማየት ነው። «ጠለፋ ነው፤ ኋላ በሽማግሌ ያልቃል» አሉና ወደየገበያቸው ሄዱ። ልጅቱ በገጠር በልጁ ዘመድ ቤት ስድስት ቀን ተይዛ ቆየች። በዚያ ስድስት ቀን የሆነውን መጻፍ የእኔ ፈንታ አይደለም።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ሕግ አልነበረም ለማለት የማይቻል መሆኑን ነው። አባቷ በዚያው ዕለት ለፖሊስ አመልክተዋል። መዝገብ ተከፍቷል። በሰባተኛው ቀን ፖሊሶች ሄደው ልጅቱን አመጧት፤ ልጁንም አሰሩት። ወደ ሐኪም ቤትም ተወስዳ ታይታለች። ነገሩ በዚህ መንገድ ቢቀጥል ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ነገር በሆነ ነበር።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ከሽማግሌዎቹም አንዱ የእኔ አባት ነበሩ።

አባቴን ክፉ ሰው አድርጌ ልሥላቸው አልፈልግም፤ አይደሉምም። በከተማችን የድንበር ጠብ፣ የውርስ ክርክር፣ የደም ነገር ሲነሣ የሚጠሩት እርሳቸው ናቸው፤ ጉቦ በልተው አያውቁም። የልጅቱ ወንድም ጠመንጃ ይዞ ይዝት ነበር፤ የነጋዴውም ዘመዶች ብዙዎች ነበሩ። አባቴ የፈሩት ደም እንዳይፈስ ነው። ፍርሃታቸውም ከንቱ አልነበረም፤ እንዲህ ባለው ነገር ስንት ቤት ጠፍ ሆኖ እንደ ቀረ እኔም እየሰማሁ አድጌአለሁ። ስለዚህ እንዲህ ተብሎ ተፈረደ፤ የልጁ አባት 60 ሺሕ ብርና ሁለት በሬ ለልጅቱ አባት ካሣ ይሰጣሉ፤ ልጁ ያገባታል፤ የልጅቱም ወገን ክሱን ይተዋል። አባቷ መጀመሪያ እንቢ አሉ። ሦስት ቀን ሙሉ «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ከእንግዲህ ማን ያገባታል?» እየተባሉ በመጨረሻው እሺ አሉ። እርሷን የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። በጓዳ ከእናቷ ጋር ተቀምጣ ነበር፤ ግድግዳው ጭቃ ስለ ሆነ ሁሉንም ትሰማለች።

ስምምነቱ በጽሑፍ እንዲሆን ተፈለገ። አባቴ «ጽሕፈቱ የሚያምር ልጅ አለኝ» ብለው አስጠሩኝ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ሄድሁ። በትልልቅ ሰዎች መካከል ተቀምጦ መጻፍ ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ምን ያህል ኩራት እንደ ሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አንደኛው ሽማግሌ እየተናገሩ እኔ እጽፍ ጀመር። «ዕድሜዋ 18 ዓመት የሞላ መሆኑን፣ ከልጁም ጋር በፈቃዷ የሄደች መሆኑን…» ባሉ ጊዜ እጄ ቆመ። «አሥራ አምስት ናት» አልሁ። ድምፄ ለእኔም እንኳ በደንብ አልተሰማኝም። ሽማግሌው «ጻፍ፣ ልጄ፤ ነገር አታብዛ» አሉኝ። አባቴን አየኋቸው፤ አባቴ መሬት መሬት ያያሉ። ጻፍሁ። 18 ብዬ ጻፍሁ። «በፈቃዷ» ብዬም ጻፍሁ።

ምስክሮቹ ሁሉ ከፈረሙ በኋላ ልጅቱ ከጓዳ ተጠርታ እንድትፈርም ተደረገ። ወረቀቱን ጥቂት አየችው፤ ቀጥላም እኔን አየችኝ። ጽሕፈቱን ዐወቀችው። ስንት ጊዜ የገለበጠችው ጽሕፈት ነውና።

ከዚያም በፖሊስ ፊት ቀርባ «በፈቃዴ ነው የሄድሁት» አለች። ከእርሷ ቃል የበለጠ ማስረጃ አይገኝም ተብሎ መዝገቡ ተዘጋ። በግንቦት ወር ተጋቡ። በዴስካችን መካከል የነበረው ሥፍራ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ባዶ ቀረ፤ እኔና ሌላው ልጅም ተጠጋግተን ለመቀመጥ አልደፈርንም።

ወደ ዩኒቨርሲቲ ከመጣሁ በኋላ የሕግ ተማሪ የሆነው ጓደኛዬ ሁለት መጻሕፍት አምጥቶ አሳየኝ። አንደኛው በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ዣን ግራቨን የተባሉ የስዊስ አገር የሕግ ሊቅ ናቸው። በዚህ ሕግ ሴትን ለማግባት ሲል በኀይል የጠለፈ ሰው ቅጣቱ ከ3 ዓመት አያልፍም ነበር። የዚያው አንቀጽ፣ የ558ኛው፣ ሁለተኛ ክፍል ደግሞ የተጠለፈችው ሴት በነጻ ፈቃዷ ጠላፊዋን ብታገባ ክስ እንደማይቀርብበት ይናገራል። በአንቀጽ 599ም የደፈራትን ሰው ያገባች ሴት ጉዳይ እንደዚሁ ይዘጋል። ይህን ሳነብ ሰውነቴ ቀዘቀዘ። የአባቴና የጓደኞቻቸው ስምምነት ቃል በቃል እዚያ ተጽፎ አገኘሁት። ሽማግሌዎቹ ሕግ አላነበቡም፤ ነገር ግን የፈረዱት ፍርድ አንድ ጊዜ የመንግሥት ሕግ ነበር።

ሁለተኛው መጽሐፍ በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ነው። ይህ ሕግ ያንን አሳፋሪ በር ዘግቶታል። በአንቀጽ 587 የጠለፋ ቅጣት ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እሥራት ሆነ፤ ከጠለፋው ጋር መድፈር ያለ እንደ ሆነም በዚያኛው አንቀጽ ጭምር ያስቀጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚደረግ ጋብቻም ወንጀለኛውን ከቅጣት አያድነውም። በአንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈር ከ5 እስከ 15 ዓመት፣ ሲከብድም እስከ 20 ዓመት፣ ብርቱ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ወይም ሞት ካደረሰ እስከ ዕድሜ ልክ ያስቀጣል። ከ13 ዓመት በታች ያለችን ሕፃን የደፈረ ሰው ቅጣቱ ከ13 እስከ 25 ዓመት ነው።

የቀኑን አቈጣጠር ልብ በሉ። እኔ ያንን ወረቀት በጻፍሁ ጊዜ የቀድሞው አንቀጽ ከተሻረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ከመጽሐፉ ላይ ተፍቋል፤ ከጭቃ ቤታችን ግን አልተፋቀም።

ሕጉ እንዲለወጥ የታገሉትን ሰዎች ሳላነሣ ባልፍ ውለታ ቢስ እሆናለሁ። በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ተጠልፋ፣ ለማምለጥ ስትሞክር የጠላፊዋን ጠመንጃ አንሥታ ገደለችው። በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጥብቅና ቆሞላት፣ ፍርድ ቤቱ ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነጻ ለቀቃት። «ድፍረት» የተባለው ፊልም የተሠራው በዚህ ታሪክ ላይ ነው። ማኅበሩን ካቋቋሙት አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ለመሆን በቅተዋል። ነገር ግን አስቡት፤ ያቺ ልጅ ሕግ ጆሮውን እንዲሰጣት የግድ ተከሳሽ ሆና መቅረብ ነበረባት።

ሌላዋ፣ እንዲሁ በአርሲ፣ በ1993 ዓ.ም. የተጠለፈች የ13 ዓመት ልጅ ናት። ጠላፊዋ ተይዞ በዋስ ተለቀቀ፤ በዋስ ወጥቶም እንደገና ጠለፋት፤ በግድም የጋብቻ ወረቀት አስፈረማት። ልጅቱ አምልጣ ከሰሰች። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ጠላፊውን 10 ዓመት፣ አራቱን ግብረ አበሮቹን 8፣ 8 ዓመት ፈረደባቸው። ይግባኝ የሰማው ፍርድ ቤት ግን በፈቃዷ ይመስላል ብሎ ሁሉንም ለቀቃቸው። ነገሩ ከአገር ወጥቶ ወደ አፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ደረሰ፤ ኮሚሽኑም በ2008 ዓ.ም. መንግሥት ልጅቱን ሳይጠብቅ መቅረቱን ገልጾ 150 ሺሕ የአሜሪካ ዶላር ካሣ እንዲከፈላት ወሰነ። ይህን ያነበብሁ ቀን ስለ እርሷ ብቻ አይደለም ያሰብሁት። እርሷን ያስፈረሟትን ወረቀት ማን ጻፈው ይሆን? የእርሱስ ጽሕፈት ያምር ነበር ይሆን? እያልሁ ነው ያደርሁት።

እንግዲህ ወደ መኝታ ክፍሉ ክርክር ልመለስ። ሕጉ ይጠንክር የሚለውን እኔም እላለሁ። ሆኖም መጠንከር ማለት ዓመት መደመር ብቻ ከመሰለን ተሳስተናል። በእኔ ከተማ ለሠላሳ ዓመት እሥራት የሚፈራ ቤተሰብ ከሦስት ዓመት ይልቅ ሽማግሌውን በብርቱ ይለምናል፤ ካሣውንም ያበዛዋል። ቅጣቱ ሞት ቢሆን ደግሞ የልጅቱ የገዛ አጎቶች «ሰው ልታስገድይ ነውን?» ብለው አፏን ያስይዟታል። ወንጀለኛ የሚፈራው በመጽሐፍ ላይ የተጻፈውን ቍጥር ሳይሆን በእርግጥ እንደሚያዝና እንደሚፈረድበት ነው። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ሕጉ በአራት ሥፍራ መጠንከር ይገባዋል።

አንደኛ፣ በአንቀጽ 620 ውስጥ «ከጋብቻ ውጭ» የሚሉ ሁለት ቃላት አሉ። እነዚህ ሁለት ቃላት ባል ሚስቱን አስገድዶ ቢደፍር መድፈር እንዳይባል ያደርጋሉ። የቃላት ተማሪ እንደ መሆኔ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ከእነዚህ የበለጠ ከባድ ቃላት አላየሁም። የዴስክ ጓደኛዬን አስቡ። በየካቲት የተደረገባት ነገር ወንጀል ነው፤ ያው ነገር በያው ሰው እጅ ከግንቦት በኋላ ሲደረግባት መድፈር አይባልም። በመካከላቸው ያለው ልዩነት እኔ የጻፍሁት ወረቀት ነው። በ2008 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች ከመቶው ዐሥሩ በዘመናቸው የፆታ ጥቃት እንደ ደረሰባቸው ተናግረዋል፤ ባገቡት ዘንድ ጥቃቱን የሚያደርሰው ይበልጡን የገዛ ባል ሆኖ ተገኝቷል። ሁለቱ ቃላት ይፋቁ። ደቡብ አፍሪካ ይህን በ1993 እ.ኤ.አ. አድርጋለች፤ ትዳርም አልጠፋም።

ሁለተኛ፣ በመድፈርና በጠለፋ ነገር የሚደረግ የሽምግልና ስምምነት ሁሉ ከንቱ መሆኑና አድራጊውንም የሚያስቀጣ መሆኑ በግልጽ ይጻፍ። የሐሰት ዕድሜ ያስጻፈ፣ የመሰከረ፣ የጻፈም ይጠየቅ። ይህን ስል ራሴን እንደምጨምር ዐውቃለሁ። ሽምግልና ይጥፋ አላልሁም፤ ድንበርንና ውርስን ያስታርቅ፤ ደምንም ያድርቅ። ነገር ግን የሴት ልጅ አካል በሁለት በሬ የሚካስ ድንበር አይደለም።

ሦስተኛ፣ በአንቀጽ 625 አስተማሪ፣ አሠሪ ወይም ጠባቂ የሆነ ሰው በሥልጣኑ ወይም በሴቲቱ ችግር ተጠቅሞ የሚፈጽመው በደል የሚያስቀጣው በቀላል እሥራት ነው፤ እርሱም ተበዳይዋ አቤት ያለች እንደ ሆነ ነው። ተማሪ በአስተማሪዋ ላይ፣ የቤት ሠራተኛ በአሳዳሪዋ ላይ አቤት ትል ዘንድ መጠበቅ ምን ማለት ነው? ማርኳም እንጀራዋም በእርሱ እጅ ነው። ዐቃቤ ሕግ ወሬውን በሰማ ጊዜ በራሱ ሊከስ ይገባል፤ ቅጣቱም ይክበድ።

አራተኛ፣ የተበዳይዋ ቃል ይጠበቅ። በእኛ ከተማ ልጅቱ ከፖሊስ ጣቢያ የተመለሰችው ሽማግሌዎች ወደ ተቀመጡበት ቤት ነው። ማደሪያ ሌላ ቢኖራት ኖሮ፣ የመጀመሪያ ቃሏም ከሐኪሙ ማስረጃ ጋር በዳኛ ፊት ወዲያው ቢመዘገብ ኖሮ፣ የእኔ ወረቀት ከንቱ በሆነ ነበር። ይህ የማይሆን ምኞት አይደለም። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ተበዳይዋ ሕክምናውንም የፖሊሱንም የሕጉንም ርዳታ በአንድ ሥፍራ የምታገኝበት ማዕከል ተቋቁሟል። እንዲህ ያለው ነገር ከአዲስ አበባ ወደ ወረዳ መውረድ አለበት። ከላይ የጠቀስሁት ጥናት ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ርዳታ የፈለጉት ከአራት አንዷ ያህል ብቻ መሆናቸውን ያሳያል። ሦስቱ የት ሄዱ ብለን ብንጠይቅ መልሱ በየጓዳው ነው።

በጦርነት ጊዜ በሴቶች ላይ ስለ ደረሰው ግፍ አላነሣሁም። ያ ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚፈልግ ነገር ስለ ሆነ በጥቂት መሥመር ልነካካው አልፈልግም።

የሚቀርቡብኝ ተቃውሞዎች እንዳሉ ዐውቃለሁ። አንዳንዱ «ባህላችን ነው» ይላል። የደፈራትን ብታገባው ይማራል የሚለው ሕግ በኢጣልያም እስከ 1981 እ.ኤ.አ. ነበረ። ፍራንካ ቪዮላ የተባለች የሲሲልያ ልጅ በ1965 እ.ኤ.አ. ተጠልፋ «አላገባውም» ብላ ጠላፊዋን አሳስራለች፤ አባቷም ከእርሷ ጋር ቆመዋል። ስለዚህ ነገሩ የሐበሻ ባህል ሳይሆን የወንዶች ምቾት ነው። ባህልስ ከተባለ «በሕግ አምላክ» ሲባል መቆምም ባህላችን ነበር፤ ያንን ለምን ረሳነው?

ሌላው ደግሞ «ሕግ እስከ አልጋ ድረስ ከገባ ሴቶች ለበቀል ይጠቀሙበታል» ይላል። በሐሰት መክሰስ በማናቸውም ወንጀል ሊደርስ ይችላል፤ ለዚያም ሕግ አለው። በሐሰት የተከሰሰ ሌባ ሊኖር ይችላል ብለን ስርቆትን ፈቅደን አናውቅም። ይልቅስ እውነቱን እንናገርና፣ የፈራነው የሐሰቱን ክስ ነው ወይስ የእውነተኛውን?

ስለ እኛ ስለ ተማርን ነን ባዮችም አንድ ቃል ልበል። የጭቃ ቤቱን ሽማግሌ መንቀፍ ቀላል ነው። እኛ በግቢያችን እኅቶቻችን ሲያልፉ የምንወረውረውን ቃል፣ አመሻሽ ላይ ከላይብረሪ ወደ መኝታ ቤታቸው ብቻቸውን ለመሄድ የሚፈሩት ማንን እንደ ሆነ እናስብ። ከአንድ አስተማሪ ቢሮ እያለቀሰች የወጣች ተማሪ ዐውቃለሁ። የትኛው ትምህርት ቤት እንደ ሆነ አልጽፍም። ያንጊዜ በጓደኞቿ ዘንድ የተባለው «ዝም በይ፤ ዲግሪሽን ይዘሽ ውጪ» ነው። ይህ ምክር «ነገር አታብዛ» ካሉኝ ሽማግሌ ምክር በምን ይለያል? «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውንም ተረት እየሣቁ የሚደግሙት ማይማን ብቻ አይደሉም፤ ባለፈው ወር በክርክር ክበባችን ሲነገር ሰምቼ አዳራሹ በጭብጨባ ደምቋል።

ባለፈው የጥምቀት በዓል ወደ አገሬ ሄጄ ነበር። ከብዙ ማመንታት በኋላ አባቴን «አባባ፣ ያ ወረቀት አሁንም እርስዎ ዘንድ አለ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። የትኛው ወረቀት አላሉኝም። ሣጥናቸውን ከፍተው አወጡልኝ። ለረዥም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ «እኛ የፈራነው ሰው እንዳይሞት ነው፣ ልጄ። መንግሥት ወንድሟንም የእነዚያንም ዘመዶች ይይዝልናል ብለን አላመንንም» አሉኝ። ለዚህ መልስ አላገኘሁም። ሽማግሌዎች የሕግን ሥፍራ የያዙት ሕግ ከሥፍራው ስለ ጠፋባቸው ጭምር ነው። ሕጉ ይጠንክር ስንል ልጅቱን ብቻ ሳይሆን እንደ አባቴ ያሉትንም ሰዎች ከእንዲህ ያለ ፍርድ የሚያድናቸው ይሁን።

በማግሥቱ በገበያ አየኋት። ሽንኩርትና ቲማቲም ዘርግታ ትሸጣለች፤ አንድ ልጅ አዝላለች፤ ሌላው ቀሚሷን ይዞ ቆሟል። ለመሸሽ አሰብሁ፤ ግን አየችኝ።

«እንደምን ነህ፣ ተማሪው» አለችኝ።

«ደኅና ነኝ፤ አንቺስ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። ቀጥላም ሽንኩርቱን እየመዘነች «ጽሕፈትህ አሁንም እንደዚያው ያምራል?» ብላ ጠየቀችኝ።

ምን እንደ መለስሁላት አላስታውስም። ሽንኩርቱን ከፍዬ ሄድሁ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ማኅበራችን እነዚህን አራት ነገሮች ጽፎ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲያቀርብ በሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ አሳስባለሁ። የሚደግፈኝ ሰው ይነሣ፤ የሚቃወመኝም ይነሣና እንከራከር። ለምክር ቤቱ የሚላከውን ደብዳቤ በእጄ ለመጻፍ ፈቃደኛ ነኝ።

እስከዚያው ድረስ ግን ያንን ወረቀት በዚህ ወረቀት አርሜዋለሁ። ዕድሜዋ አሥራ አምስት ነበር። በፈቃዷም አልሄደችም።